ለድሬዳዋና ለሐረር ድርጅት የትኛው ሆስቲንግ፣ የትኛውስ ኤስኢኦ ይሻላል?

ሐረር ጀጎል ውስጥ አምስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ፣ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ የትራንዚት ድርጅትና እዚያው ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ዌብሳይት እንዲሠራላቸው ሲጠይቁ የሚቀርብላቸው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በውስጡ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ማለትም የሰርቨር ኪራይ) እና ኤስኢኦ (ገጹ በጉግል ፍለጋ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የሚሠራ ሥራ) አለ። የሚያስፈልጋቸው ግን ይለያያል። የማረፊያው ደንበኛ ክፍል የሚፈልገው ሊዮን ወይም ሚላን ተቀምጦ ነው። የትራንዚቱ ደንበኛ አዲስ አበባና ጅቡቲ ነው ያለው። የሱቁ ደግሞ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ቆሞ፣ ስልኩን ይዞ፣ «ቅርብ ያለ የስልክ ባትሪ» ብሎ ይፈልጋል። ዋጋ ከማወዳደር በፊት ደንበኛዎ የት ሆኖ እንደሚፈልግዎት ይወስኑ፤ ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ በዚያ ላይ ይቆማል።

ለሱቁ መልሱ አጭር ነው፦ ሆስቲንግ ገና አይግዙ። ጉግል ማፕ ላይ የሚወጣው የንግድ መገለጫ በነጻ ይከፈታል። ትክክለኛውን ቦታ፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክ ቁጥርና ከውጭም ከውስጥም የተነሱ ፎቶዎችን አስገብተው ማረጋገጫውን ይጨርሱ። ስሙ ላይ «ምርጥ ርካሽ ኤሌክትሮኒክስ ድሬዳዋ» ብሎ መደርደር የጉግልን ደንብ ይጥሳል፤ መገለጫው ሊታገድ ይችላል። ታፔላው ላይ ያለው ስም ብቻ ይጻፍ።

አገር ውስጥ ሼርድ፣ ውጭ አገር ሼርድ ወይስ ቪፒኤስ?

ሼርድ ማለት ብዙ ዌብሳይቶች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት ኪራይ ነው፤ ቪፒኤስ ደግሞ ከሰርቨሩ ለእርስዎ ብቻ ተከፍሎ የሚሰጥ ክፍል ነው።

| | አገር ውስጥ ሼርድ | ውጭ አገር ሼርድ (አውሮፓ) | ቪፒኤስ |
|---|---|---|---|
| ክፍያ | በብር፣ በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ከደረሰኝ ጋር | በውጭ ምንዛሪ ካርድ | በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ፣ በየወሩ |
| ለማን ይቀርባል | ለአገር ውስጥ ጎብኚ | ለአውሮፓ ጎብኚ | ሰርቨሩ እንዳለበት ከተማ |
| ማን ይጠብቀዋል | ሻጩ | ሻጩ | እርስዎ ወይም የቀጠሩት ባለሙያ |
| የተለመደ ችግር | የውጭ መስመር ሲቋረጥ ከውጭ አይታይም | ካርድ ሲወድቅ ይታገዳል | ማደስ ይረሳና ይጠለፋል |

ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር አስቀምጦ ሰርቨር ማድረግ ሰንጠረዡ ውስጥ ያልገባው በምክንያት ነው። መብራት ይጠፋል፣ የድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ማቀዝቀዣ የሌለውን ማሽን አያዝንለትም፣ የማይቀየር አይፒ አድራሻም (ሰርቨሩ በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት ቁጥር) ለብቻው ይከፈልበታል።

የክፍያው ረድፍ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዶላር የሚታደስ ውል ያለው ሰው በብር የሚከፍለው በዚያው ልክ አደገ። በዚህ ላይ የውጭ ሆስቲንግ ሻጮች የመጀመሪያውን ዓመት በቅናሽ ሸጠው ማደሻውን እጥፍና ከዚያ በላይ የማድረግ ልማድ አላቸው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብዎት ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ሳይሆን የሦስት ዓመቱን ድምር ነው።

አገር ውስጥ ሻጭ ሲመርጡ ደግሞ ሰርቨሩ በእውነት የት እንዳለ ይጠይቁ። ብዙዎቹ የውጭ ሰርቨር ላይ ቦታ ገዝተው በብር የሚቸረችሩ ናቸው። ይህ ነውር የለውም፤ እንዲያውም በብር መክፈል ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ነገር ግን «ሰርቨራችን እዚሁ ስለሆነ ፈጣን ነው» ብለው ከሆነ የሸጡልዎት፣ የሙከራ ገጽ አድራሻ ተቀብለው አይፒው የየትኛው አገር እንደሆነ በነጻ መፈለጊያዎች ያጣሩ።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚወጣው የኢንተርኔት መስመር ትልቁ ክፍል በጅቡቲ በኩል ባሕር ይገባና በቀይ ባሕር አድርጎ አውሮፓ ይደርሳል። ስለዚህ ማርሴይ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ለድሬዳዋ ተጠቃሚ አሜሪካ ካለው በግልጽ ይቀርባል። ለሐረሩ ማረፊያ ደግሞ እንግዳውም እዚያው አውሮፓ ነው፤ አውሮፓ ያለ ሼርድ ሆስቲንግ ለሁለቱም ወገን ይስማማል። በተቃራኒው ሰርቨሩ አገር ውስጥ ቢሆንና የውጭ መስመር ቢቋረጥ፣ ቦታ ሊይዝ የመጣው እንግዳ ባዶ ገጽ ያያል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ግን ገጹ ሊከፈት ይችላል። የትራንዚት ድርጅቱ ደንበኞቹ አብዛኞቹ እዚሁ ከሆኑ አገር ውስጥ ሰርቨር መምረጡ ያስኬደዋል።

ቪፒኤስ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው ነው። «ፈጣን ነው» ተብሎ 1 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ያለውን መግዛት ዳታቤዙ (የገጹ ጽሑፍና መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል) እየሞተ «የዳታቤዝ ግንኙነት አልተሳካም» የሚል ገጽ ሊያሳይዎት ይችላል። ራም ሲያልቅ ሊኑክስ (ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት) ትልቁን ፕሮግራም ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ዳታቤዙ ነው። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም፣ በዚያ ላይ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ ከዲስክ የሚያግዝ ቦታ)፣ በየሳምንቱ የሚያድስና ሌሊት የሚነሳ ሰው ከሌለዎት ሼርድ ላይ ይቆዩ።

ከሻጩ በጽሑፍ የሚጠየቅ

«99.9 በመቶ አይቋረጥም» ማለት በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቋረጥ ይፈቀዳል ማለት ነው፤ 99 በመቶ ደግሞ ሦስት ቀን ተኩል ያልፋል። ከነጥብ በኋላ ያለችው ቁጥር ትንሽ አይደለችም።

ስለ ዲስክ ቦታ ብዙ አይጨነቁ፤ ስለ ፋይል ብዛት ገደብ ግን ይጠይቁ። «ያልተገደበ» የሚባለው ፓኬጅ ብዙ ጊዜ የሚገድበው በፋይል ቁጥር ነው፤ ኢሜይሉና የዎርድፕሬስ (የዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም) ካሽ፣ ማለትም ለፍጥነት የሚያስቀምጣቸው ጊዜያዊ ቅጂዎች፣ አብረው ሲከማቹ ቦታ ሳይሞላ ቁጥሩ ይሞላና ፎቶ መጫን እምቢ ይላል። ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ይወሰዳል ወይ? የሚቀመጠው ሌላ ማሽን ላይ ነው? መመለሱ በክፍያ ነው ወይስ በነጻ? ፒኤችፒው (ዎርድፕሬስ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) 7.4 ከሆነ ደግሞ ጥለው ይሂዱ፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ አይወጣለትም። ኤስኤስኤል ሰርተፍኬት (በገጹና በጎብኚው መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያመሰጥር) በነጻ መሰጠት አለበት፤ ለአነስተኛ ድርጅት በዚህ ስም ለብቻ ክፍያ የሚጠይቅ ሻጭ ያለ ሥራ እያስከፈለ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ፋየርዎላችሁ የውጭ አገር አይፒ ያግዳል? ጥቃት ለመከላከል ሲሉ የውጭውን ሁሉ የሚዘጉ ሰርቨሮች አሉ። የጉግል ገጽ አንባቢ ፕሮግራም ደግሞ የሚመጣው በአብዛኛው ከአሜሪካ አይፒ ነው። እርስዎ ድሬ ሆነው ሲከፍቱት ገጹ ያምራል፤ ጉግል ግን በሩ ተዘግቶበት ይመለሳል። የሙከራ ሳምንቱ ሳያልቅ ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለዌብሳይት ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠው መሣሪያ) ውስጥ ገብተው አንድ አድራሻ በቀጥታ ያስፈትሹ፤ ጉግል የሚያየውን ምስል ያሳይዎታል።

ሆስቲንግ ደረጃ ያወጣል?

በራሱ አያወጣም። መጥፎው ግን ያወርዳል። ሰርቨሩ ደጋግሞ የ500 ዓይነት ስህተት (የሰርቨሩ የራሱ ውድቀት ምልክት) ሲመልስ ጉግል መጎብኘቱን ይቀንሳል፤ ስህተቱ ለቀናት ከቀጠለ ገጾቹን ከውጤት ማውጣት ይጀምራል። ለፍጥነት ጉግል ያወጣቸው መለኪያዎች ግልጽ ናቸው፦ ዋናው የገጹ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት፣ ሲነካ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ መስጠት። የመጀመሪያው ባይት በ0.8 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ጥፋቱ በአብዛኛው የሰርቨሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መዘግየት ግን ብዙውን ጊዜ የፎቶ ነው። ከስልክ እንደወጣ የተጫነ 4 ሜጋባይት ፎቶ በ5 ሜጋቢት መስመር ብቻውን ከ6 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ስፋቱን ወደ 1600 ፒክሰል አውርደው በዌብፒ (መጠኑ አነስ ባለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ቢያስቀምጡት 200 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። ይህ ሥራ ውድ ሆስቲንግ ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ ወጪውም አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ዶሜይን (የዌብሳይቱ ስም) ላይ ምርጫው እውነተኛ ነው። ዶት ኢቲን ጉግል የኢትዮጵያ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ ለትራንዚቱ ጥሩ ነው። እንግዳው ከውጭ ለሚመጣው ማረፊያ ግን ዶት ኮም ይሻላል። የቱንም ይምረጡ፣ የተመዘገበው በእርስዎ ስምና ኢሜይል መሆን አለበት። ገጹን የሠራው ልጅ ነገ አዲስ አበባ ሄዶ ስልክ ባያነሳ፣ በእሱ ስም የተያዘ ዶሜይን የእሱ ነው።

ሁለት የኤስኢኦ ውል ጎን ለጎን

አንዱ «በአንድ ወር ጉግል አንደኛ ገጽ፣ በዋስትና» ይላል። ሌላው «መጀመሪያ ገጹን እንፈትሽ፣ ለውጡን ከአራት ወር በኋላ እንመልከት» ይላል። ሁለተኛው ደካማ ሻጭ ይመስላል። ሆኖም ጉግል ራሱ አንደኛ ደረጃ ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል፣ ውጤቱም በተለምዶ ከአራት ወር እስከ ዓመት እንደሚፈጅ በመመሪያው አስቀምጧል። የመጀመሪያው ቃሉን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው፦ ማንም የማይፈልገውን ሐረግ መርጦ አንደኛ ያደርግዎታል (የድርጅትዎ ሙሉ ስም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው)፣ ወይም ከሌሎች ዌብሳይቶች ወደ እርስዎ የሚመራ ሊንክ ይገዛል። የተገዛ ሊንክ ማስታወቂያ መሆኑ በኮዱ ካልተገለጸ የጉግልን ደንብ ይጥሳል። ቅጣቱ ሲመጣ ሰርች ኮንሶል ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሊንኮቹን አስነስቶ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ሳምንታት ይወስዳል። የሸጠው ሰው በዚያን ጊዜ አይገኝም።

ከርካሽ ፓኬጅ ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ የተሰረቀ ቴም (የገጽ ዲዛይን) ነው። ፈቃድ የሚከፈልበት ዲዛይን ተሰብሮ በነጻ ይጫናል፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ የተደበቀ ሊንክ ወይም ጠላፊ የሚገባበት በር አለው። ለማጣራት ጉግል ላይ «ሳይት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ከሁለት ነጥብ ጋር ከዶሜይንዎ ፊት ጽፈው ይፈልጉ። ስለ ሐረር ማረፊያ ከሚያወሩት ገጾች መካከል የጃፓንኛ ሸቀጥ ወይም የመድኃኒት ማስታወቂያ ከወጣ ተጠልፈዋል።

የግምገማ ነገር እዚህ አካባቢ በየዋህነት ይበላሻል። እንግዳን «አምስት ኮከብ ስጠን፣ ግማሽ ኪሎ የሐረር ቡና እንጨምርልሃለን» ማለት የእንግዳ ተቀባይነት ወግ ይመስላል፤ በጉግል ማፕ ደንብ ግን በጥቅም የተገኘ ግምገማ ክልክል ነው፤ ሊሰረዝም ይችላል። ቡናውን ለሁሉም ይስጡ፣ ግምገማውን ሳያያይዙ ይጠይቁ። መጥፎ ግምገማ ሲመጣም በትሕትና መልስ ይጻፉበት።

ጥሩው ባለሙያ የሚሠራው ሥራ አማርኛን ከማወቅ ይጀምራል። ሰው «ሐረር» ብሎም «ሀረር» ብሎም ይፈልጋል፤ «ድሬዳዋ»ን አንዱ አያይዞ፣ አንዱ ለያይቶ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ አጻጻፍ የተለየ ገጽ የሚከፍት ሰው አይለፈኝ ብሎ ያበላሻል፤ አንድ ገጽ ላይ ዋናውን አጻጻፍ በርዕስ፣ ሌላውን በተፈጥሮው በሚገባበት ዓረፍተ ነገር መጠቀም ይበቃል። የገጹን አድራሻ ደግሞ በላቲን ፊደል አጭር አድርጎ ይጽፈዋል፤ ምክንያቱም አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፣ ዎርድፕሬስም አድራሻውን 200 ምልክት ላይ ስለሚቆርጠው ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ይጠፋል። ጽሑፉ በምስል ውስጥ ተቀርጾ ወይም ዩኒኮድ (የሁሉም ፊደል የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ባልሆነ አሮጌ ፎንት ተጽፎ ከሆነ መፈለጊያው በትክክል አያነበውም፤ የድሮ ብሮሹር ገልብጠው የሚለጥፉ ሰዎች እዚህ ይወድቃሉ።

ገጹን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ለሚያዘጋጅ ድርጅት እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ አድራሻ ኖሮት በኤችሬፍላንግ (የትኛው ገጽ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ለጉግል የሚነግር የኮድ ምልክት) መተሳሰር አለበት። ሐረሪ ግን ባለሁለት ፊደል ኮድ ስለሌለው በዚያ መንገድ አይገባም፤ ገጹን ሠርቶ ከሌሎቹ በተራ ሊንክ ማገናኘት ነው የሚቻለው። ማሽን ተርጉሞ በመቶ የሚቆጠር ገጽ መልቀቅን ጉግል ከመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጅምላ የተመረተ ይዘት ብሎ በአይፈለጌ ደንቡ አካትቶታል፤ አምስት ገጽ በሰው እጅ ይበልጣል።

አንድ የሕግ ጉዳይም አለ። የእንግዳ ፓስፖርት ቅጂ በገጹ በኩል የሚቀበል ማረፊያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። ሰርቨሩን የት እንደሚያስቀምጥ ከመወሰኑ በፊት ጠበቃ ያነጋግር፤ ወይም ቅጂውን በገጹ አይሰብስብ፣ እንግዳው ሲደርስ ይመልከት።

አስቀድመው ገዝተው ከሆነና መቀየር ከፈለጉ፣ ከዝውውሩ አንድ ቀን በፊት የዲኤንኤስ ቆይታውን (ዶሜይኑ ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚመራ ኢንተርኔቱ የሚያስታውስበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱ፣ ፋይልና ዳታቤዙን ቀድተው አዲሱ ላይ በጊዜያዊ አድራሻ ይፈትሹ፣ የአማርኛው ጽሑፍ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከወጣ ዳታቤዙ በዩቲኤፍ-8 (የአማርኛ ፊደልን በሚይዝ ኮድ) አልተቀዳምና ይድገሙት። ዎርድፕሬስ ቅንብር ውስጥ «መፈለጊያዎች እንዳያዩት» የሚለው ሳጥን ለሙከራ ተብሎ ተመርጦ ከቀረ ያንሱት። አሮጌውን ሆስቲንግ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አይዝጉ፤ ኢሜይል እዚያ የሚገባልዎት ከሆነ ደግሞ ኢሜይሎቹን ሳያወርዱ በጭራሽ አይሰርዙት።