ለባሕር ዳር መንገድ የሚሆን ሳይክል

ግራቭል የሚሉትን፣ ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም የሚሆን ሳይክል ከገዛሁ ስድስት ወር ሆነኝ። መሪው እንደ ውድድር ሳይክል ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጎማው ግን 40 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ከዘንባባዎቹ ሥር አስፋልቱን ሽው እልና ወደ ዘጌ ጥርጊያው ላይ ስገባ የጎማውን ንፋስ ትንሽ ቀነስ አደርጋለሁ፣ ያኔ ንዝረቱ ይቀልልኛል፣ እጄም አይደነዝዝም። ማውንቴን የሚሉትን የተራራ ሳይክል ብገዛ አስፋልት ላይ ይጎተትብኝ ነበር። የቤዛዊትን ዳገት በቀላል ማርሽ ይወጣዋል፣ ላቡ አይቀርም እንጂ። ስወርድ የዲስክ ፍሬኑ በዝናብም ይይዛል።

የማልወድለት? ፓራፋንጎ የለውም፤ ክረምት ላይ ጀርባዬ ጭቃ በጭቃ ነው። የሸጠልኝ ልጅ ደግሞ "ጎማው የትም ይገኛል" ብሎኝ ነበር። ስንት ጎሚስታ ዞሬ አጣሁት! ትርፍ ጎማ ከሳይክሉ ጋር አብራችሁ ግዙ።