ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር መውጫ ላይ ያለችው ዶሮ ወጥ ቤት

ቁሌቱ ያለ ዘይት፣ በደረቁ ሲማሰል ያረፈደ ነው፤ ቅቤው የገባው በርበሬው ጥሬነቱን ከለቀቀ በኋላ ነው። ዶሮው በወጉ 12 ብልት ወጥቶለታል፤ አጥንቱ ላይ ጅማት የለ፣ ሽታ የለ። መከለሻው ከእሳት ሲወርድ ስለገባ ኮረሪማው ለብቻው ይሸታል።

«እትዬ፣ ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው።

«እናቴ። እሷን ደግሞ እናቷ። ከዚያ ወዲያ እንጃ።»

የሸዋ ወጥ ታሪክም ይኸው ነው። በ1887 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጦጦ ማርያም ሲመረቅ የተደገሰው ግብር በእቴጌ ጣይቱ ስም ይነሳል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ሽንኩርቱን የከተፉት፣ ወጡን ያማሰሉት፣ ጠጁን የጣሉት ሴቶች ስማቸው የት ተጻፈ? የበላው መኳንንት እስከ ማዕረጉ ይታወቃል።

ወደ ገበታው ልመለስ። አይቡ ደህና ነው፤ ሽሮው ግን ቀጥኗል። በሩንም አይዘጉትም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ወጡ ላይ ቅቤውን ያረጋዋል፣ ስለዚህ ወደ ምድጃው ተጠግታችሁ ተቀመጡ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የሚተርፋችሁ ክንፍና አንገት ነው።