ከክፍፍል በፊት የአባታችንን የሕክምና ዕዳ ያጣራልን የሕግ ቢሮ

አባታችን ከረጅም ሕመም በኋላ ሲያርፉ የተውልን ቤትና የባንክ ተቀማጭ ብቻ አልነበረም፤ ከሦስት የሕክምና ተቋማት የመጡ፣ ገና ያልተከፈሉ የክፍያ መጠየቂያዎችም ነበሩ። ስለቀጠርነው የሕግ ቢሮ አስተያየቴን የምጽፈው፣ እኛ ልንፈጽመው ጥቂት የቀረንን ስህተት ሌላ ቤተሰብ እንዳይደግመው ከልብ ስለምፈልግ ነው።

ሐሳባችን ተቀማጩን ወዲያው ተካፍለን፣ ሐኪም ቤቶቹ ሲጠይቁን ለማዋጣት ነበር። ጠበቃዋ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ከለከሉን። የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከሟች ሀብት ነው፤ ለወራሽ የሚደርሰውም ከዕዳ የተረፈው ነው። ስለዚህ ዕዳ ሳይከፍል ያከፋፈለ አጣሪ፣ ማለትም የሟችን ሀብትና ዕዳ የሚያጣራው ሰው፣ በግሉ ሊጠየቅ፣ ድርሻውን የወሰደ ወራሽም መልስ ሊባል ይችላል። ሀብቱ በጊዜው ተቆጥሮ ከተመዘገበ ደግሞ በብዙ አገሮች ሕግ የወራሹ ኃላፊነት ከወረሰው አያልፍም። ይህ ጥበቃ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ እ.ኤ.አ. በ531 ከደነገገው የሚወርድ መሆኑን ሲያስረዱን፣ በንብረት ቆጠራው ላይ ለምን ያን ያህል እንደጠነከሩ ገባኝ።

ቢሮውን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ሂሳቡን ስለመረመረበት ጥንቃቄ ነው። ከየተቋሙ ጥቅል ድምሩን ሳይሆን ዝርዝሩን ጠየቀ፤ ዝርዝሩ ሲመጣም አንድ የደረት ሲቲ ስካን፣ በአንድ ቀንና በአንድ የትእዛዝ ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ። ጠበቃዋ ሁለቱን መስመሮች በእርሳስ አክብበው ላኩና አንዱ ተሰረዘ። የጤና መድን ሊሸፍነው ሲገባ ጭራሽ ያልቀረበለት የአልጋ ክፍያም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አባታችን ሆስፒታል ሲገቡ በፈረመው ወረቀት ዋስ የሆነ መስሎት እንቅልፍ አጥቶ ከርሞ ነበር። ጠበቃዋ ወረቀቱን አብረውት ቃል በቃል አነበቡ፤ የፈረመው ለሕክምናው ፈቃድ መስጠቱን እንጂ ለክፍያው መዋሱን አልነበረም። የዋስትና ፊርማ ቢሆን ኖሮ ውርሱ ባይበቃ ዕዳው እርሱን ራሱን ያገኘው ነበር።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ወር ቢሮው ጉዳዩ የት እንደደረሰ አልነገረንም፤ ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ይህ ዝምታ እርስ በርስ መጠራጠርን ያመጣል፣ በእኛም መካከል አምጥቷል። በየወሩ አንድ አጭር ደብዳቤ ይበቃን ነበር።

መዘግየቱን ግን አልወቅስም። በስድስተኛው ወር ማናችንም የማናውቀው የላቦራቶሪ ሂሳብ መጣ፤ ቢሮው ለእንዲህ ያለው ነገር ለይቶ ካስቀመጠው ገንዘብ ተከፈለ። በስምንተኛው ወር ለክፍፍል ስንጠራ፣ ከላቦራቶሪውና ከሦስቱም ተቋማት የተሰጠ «ቀሪ ዕዳ የለበትም» የሚል ማረጋገጫ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ጠበቀን፤ ድርሻችንን የፈረምነው እያንዳንዱን ካነበብን በኋላ ነው።