ስማችንን ላቃኑልን ጋሼ

ይህን ጽሑፍ ከሁለት ሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ሥራ ማስረከቡና ፈተናው ፋታ አልሰጡኝም። ዛሬ ግን የቪዲዮ ኤዲተራችንን ጋሼን ሳላመሰግን አልተኛም ብዬ ተቀምጫለሁ።

የፊልምና ቴሌቪዥን ተማሪ ነኝ። የዓመቱ መጨረሻ ሥራችን የአንድ ተከታታይ ድራማ መግቢያ መሥራት ነበር። ድራማው ራሱ የለም፤ መግቢያው ብቻ ነው፣ 60 ሰከንድ። ታሪኩን እኛው ፈጠርነው። አባታቸው ሲሞት ፒያሳ ያለውን ቤት መካፈል ያቃታቸው ሦስት እህትማማቾች ናቸው። ተዋናዮቹን ጨምሮ 14 ሰዎች ነበርን።

የድጋፍ ደብዳቤያችንን ይዘን እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ምኒልክ አደባባይ ተገኘን። ፀሐይ ከሐውልቱ ጀርባ ስትወጣ፣ ሊስትሮው ብሩሾቹን ሲደረድር፣ አንድ የቤት ቁልፍ በክር ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ቀረጽን። ከዚያ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገብተን የጀበናውን እንፋሎት ቀረጽን። ቀረጻው ደስ ይላል። መከራው የመጣው ኤዲቲንግ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሰጠሁት ቤት (ስሙን አልጠራም) 8,000 ብር ተቀበለኝና በእሳትና በብልጭታ የተሞላ ነገር መለሰልኝ። ስማችን ከሰማይ እየተሽከረከረ ይመጣል፣ ሳይነበብ ይሄዳል። ማስረከቢያው ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

አንድ ከእኛ በፊት የተመረቀ ልጅ ነው ወደ ጋሼ የላከኝ። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስትወርዱ፣ አሮጌ ሕንፃ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለቻቸው። ሥራውን የጀመሩት ኤዲቲንግ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ በሚሠራበት ዘመን ነው። ያኔ መሃል ላይ ከተሳሳትክ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንደገና ነው የምትሠራው። እጃቸው የማይቸኩለው ለዚህ ይመስለኛል።

ፍላሼን ሰኩና ሥራውን አንዴ በዝምታ አዩት። ከዚያ ስለ ምስሉ ምንም ሳይሉ፣ «ልጄ፣ የስም ዝርዝሩን አምጪ» አሉኝ። እኔ ስለ ቀለም፣ ስለ ሙዚቃ ነበር ለማውራት የተዘጋጀሁት።

ዝርዝሩን ከኮምፒውተሬ ስከፍትላቸው በላቲን ፊደልና በምልክት የተዝረከረከ ነገር ወጣ። የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር ነበር። እነዚያ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት የላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነው። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ሲከፍተው የሚያየው ላቲኑን ብቻ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በሚጋሩት ቁጥር) የራሱን ቦታ ካገኘ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው፣ ይህ ችግር መቅረት ነበረበት። ግን ብዙ ቦታ የድሮው አሁንም ይሠራል። ጋሼ አልተቆጡም። ወንበራቸውን ሳቡና 14ቱንም ስም አንድ በአንድ እየጠየቁኝ በዩኒኮድ ጻፉት።

እንደዚህ ዓይነት አጠያየቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። «በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ ሰ? በሃሌታው ሀ ነው በሐመሩ ሐ?» እኔ የግማሾቹን አላውቅም። «ደውለሽ ጠይቂያቸው» አሉኝ። መብራት የያዘልን ልጅ ጋ ስደውል፣ መታወቂያው ላይ ስሙ በአልፋው አ እንደተጻፈ፣ እናቱ ግን ሁልጊዜ በዐይኑ ዐ እንደምትጽፈው ነገረኝ። ጋሼ ስልኩን ተቀበሉኝና፣ «እናትህ እንዳወጣችልህ እንጻፈው አይደል?» አሉት። ልጁ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ ጋሼ፣ እንደሷ ይሁን» አለ።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ጥግ ወሰዱኝ። የድሮ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን አለ። መግቢያችንን እሱ ላይ ከፈቱት። የዋና ተዋናይቷ ስም የመጀመሪያ ፊደል የለም! ጠርዙ በልቶታል። እኔ በኮምፒውተር ብቻ ስላየሁት አንድም ቀን አልታየኝም። ብዙ ቴሌቪዥኖች፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ የምስሉን ዳር ይቆርጣሉ። ስለዚህ ጽሑፍ ከየጠርዙ አንድ አሥረኛ ያህል ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት። ጋሼ ደግሞ ደንቡን ከመናገር በፊት የተቆረጠውን ስም ነው ያሳዩኝ። እንደዚህ የተማርኩትን ነገር አልረሳውም።

የእያንዳንዱን ስም ርዝመት የሚለኩት ጮክ ብለው በማንበብ ነው። ሁለት ጊዜ አንብበው ከጨረሱ ስሙ በቂ ጊዜ አግኝቷል፤ ካልጨረሱ ይጨምራሉ። የእኛ አንድ አንድ ሰከንድ ነበር። ሁለት ሰከንድ ተኩል አደረጉት። ለስሞቹ 35 ሰከንድ ሄደ፣ ለርዕሱ 5 ሰከንድ። ለምስል ብቻ የቀረው 20 ሰከንድ ነው። የምወደው የባቡሩ ሾት መውጣት ነበረበት። ተከራከርኩ። «ባቡሩ ስም ሊሸከም አይችልም፣ ዓይን ይዞ ይሮጣል። ቁልፉ ግን ይሸከማል» አሉኝ። ሞከርነው። ቁልፉ ቀስ እያለ ሲወዛወዝ ስሙ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ይነበባል። ልክ ነበሩ።

የቡና ቤቱ ሾት ላይ ጥቁር መስመሮች ወደ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። ካሜራው የተበላሸ መስሎን ነበር። ጋሼ አንዴ አይተው፣ «በ24 ፍሬም፣ ሹተሩን 60 ላይ አድርጋችሁ ነው አይደል?» አሉ። ነበር። በሰከንድ 24 ምስል (ፍሬም) እየቀረጽን፣ ለእያንዳንዱም ሹተሩ ለ1/60 ሰከንድ ብርሃን እያስገባ ማለታቸው ነው። የእኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል) አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። 25 ፍሬም ላይ ሹተሩ 1/50 ሰከንድ ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሁለት ድምቀት ይይዛል፣ መስመሩም ይጠፋል። በማግስቱ ያቺን አንዷን ሾት ብቻ ደግመን ቀረጽን።

ሙዚቃውን በተመለከተ፣ ከአንድ የድሮ ዘፈን ላይ ጥቂት ሰከንድ ልንቆርጥ አስበን ነበር። እምቢ አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ጠቅሰው ተማሪ መሆናችን የሰው ሥራ ለመውሰድ ፈቃድ እንደማይሆነን ነገሩኝ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚማር ጓደኛችን ክራር ይዞ መጣ። ክፍሏን በብርድ ልብስ ሸፍነን ቀረጽነው። እኔ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ብዬ ነበር። ጋሼ አንቺ ሆዬን እንዲሞክር ጠየቁት። ለሦስት እህትማማቾች ጠብ ያ የሚጎረብጥ ድምፅ እንዴት እንደገጠመ!

የመጨረሻው ማታ ሬንደር እያደረግን (ያለቀውን ቪዲዮ እያወጣን) መብራት ሄደ። ልቤ ቆመ። ጋሼ ግን በየሃያ ደቂቃው በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ቅጂ ሲያስቀምጡ ነው የዋሉት። አንድ ሰዓት ያህል በሻማ ጠበቅን። ማታ 3 ሰዓት ላይ ጨረስንና ታክሲ እስክይዝ ድረስ አራት ኪሎ ድረስ ሸኙኝ። የተቀበሉኝ 3,500 ብር ነው። መጀመሪያ የነገሩኝም ያንኑ ነበር።

ጋሼን ለማን እጠቁማለሁ? ለተማሪዎች፣ ለአዳዲስ ድራማ ሠሪዎች፣ ዶክመንተሪ ለምትሠሩ። ፍንዳታና የሚበር ጽሑፍ ለሚፈልግ አይሆኑም፤ አይሠሩትም። ፈጣን አይደሉም፤ ቢያንስ አምስት ቀን ስጧቸው። እሁድ ቅዳሴ እስኪያልቅ ስልክ አያነሱም። ስማቸውን እዚህ ልጽፍ ስጠይቃቸው «ሥራውን ጻፊ፣ ስሜን ተዪው» ስላሉኝ ትቼዋለሁ። 14 ሰው ስሙ በትክክል እንዲነበብ ያን ያህል ለደከመ ሰው ይህን ማድረግ ከብዶኛል፤ ግን ቃላቸውን አከብራለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል።

ስትሄዱ የስም ዝርዝራችሁን በእጃችሁ ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱን ባለቤቱን ጠይቃችሁ ያዙ። ገና ሳትቀመጡ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።