ቅጠሉን ከሸዋ በር፣ ስፌቱን ከመኪና ግርግር

ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ውስጥ ከአንድ ሱቅ «ንጹሕ ቀሲል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የፊት መታጠቢያ የቅጠል ዱቄት በ የፕላስቲክ ከረጢት ገዝቼ ነበር። ዱቄቱ አረንጓዴነቱ የሚያምር ቢሆንም በውኃ ሲለወስ አንዲት ጠብታ አረፋ አልወጣውም፤ ሽታውም ከደረቀ ሣር አይለይም ነበር። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ስዘጋጅ የፊቴን፣ የእጄንና የልብሴን ነገር ሁሉ ያለቀለት ላለመግዛት ወሰንሁና ሐረር ወጣሁ። ከታች የምጽፈው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በግንብ በታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ በጁገልና በዙሪያው የገዛሁትንና ያሰፋሁትን በሚመለከት ነው።

ከጁገል በሮች አንዱ ከሆነው ከሸዋ በር ውጪ ባለው ገበያ የቀሲል ቅጠል እንደ ደረቀ፣ ሳይፈጭ ይሸጣል። ቀሲል በእኛ አገር ቁርቁራ የምንለው እሾኻማ ዛፍ ቅጠል ሲሆን፣ ሶማሌዎች ዛፉን ጎብ ይሉታል፤ ቅጠሉ ሳፖኒን የሚባል በውኃ ሲታሽ የሚያረፋ ንጥረ ነገር ስላለው የአካባቢው ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ፊታቸውንም ጸጉራቸውንም ይታጠቡበታል። የሸጡልኝ እናት የጥራቱን መለኪያ ሳልጠይቃቸው አሳዩኝ፤ ጥቂት ቅጠል በመዳፋቸው ላይ በውኃ አሽተው አረፋውን እያዩ «ይሄ ነው ልጄ፣ የተፈጨውን ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ይህን ብሰማ ኖሮ ገንዘቤ ባልባከነ።

ቤት ወስጄ በሙቀጫ ወቀጥሁትና በረቂቅ ወንፊት ነፋሁት። በዚህ ጊዜ አፍንጫን በሻሽ መሸፈን ይገባል፤ አቧራው ክፉኛ ያስነጥሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በለብታ ውኃ ለውሼ፣ ማር ጨምሬ፣ ሳይደርቅ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ታጠብሁት። ቆዳዬ ወዛም ስለሆነ በሳምንት ሁለት ጊዜ በቂ ሆኖልኛል፤ ደረቅ ቆዳ ያላት እኅቴ ግን በውኃ ፋንታ በወተት ካልለወሰችው ፊቷ ይጨማደድባታል። ብዙዎች እርድ ይጨምሩበታል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ፎጣዬ እስከ ዛሬ ቢጫ ነው። ሎሚ የሚጨምሩትን ግን አልደግፍም። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል፤ የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ዓይነት ድፍረት አይሞክርም።

ሂናውንም እዚያው ገዛሁ። የተፈጥሮ ሂና መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ ወጥቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይጠልቃል፤ የመዳፍና የእግር ቆዳ ወፍራም በመሆኑ ከሌላው አካል ይልቅ ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ለቅዳሜ ሠርግ ሐሙስ ማታ መቀባት ተገቢ ነው። በሰዓታት ውስጥ ጥቁር የሚሆን «ጥቁር ሂና» ካቀረቡላችሁ ግን ቅጠሉ በራሱ እንዲህ ያለ ጥቁር ቀለም እንደማይሰጥ እወቁ፤ ብዙውን ጊዜ የጸጉር ማቅለሚያ ተቀላቅሎበታል፤ በውስጡ ያለው ፒ.ፒ.ዲ. የሚባል ኬሚካል ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ ሊያስቀር፣ ሰውነትንም ለረጅም ዘመን ይህን ኬሚካል ለያዘ የጸጉር ቀለም አለርጂ ሊያደርግ ይችላል። ለእኔ የቀረበልኝ አልነበረም፤ ቢቀርብም አልቀበልም።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ትርፍ ግን መኪና ግርግር ነው። ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ግድር መጋላ ወደሚባለው ገበያ የሚወስደው ይህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው፤ ሰፊዎቹ በግራና ቀኝ ተደርድረው ባለ እግር መኪናቸውን ይረግጣሉ፣ ከኋላቸው ባሉት ሱቆች ደግሞ ጨርቅ በሜትር ይሸጣል። ጨርቅ ገዝቶ፣ አንድ እርምጃ ዞሮ ማሰፋት ይቻላል። እኔ የመረጥሁት ድሪያ የሚባለውን ሰፊና ረጅም የሴት ቀሚስ ነበር፤ ምክንያቱም አሠራሩ ለጀማሪ እንኳ የማያስቸግር ነው። ቁመቴ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ሜትር ከ45 ስለሆነ፣ ያንን እጥፍ አድርጌ ለቅምቅማት ጥቂት ጨምሬ ሦስት ሜትር ጨርቅ ገዛሁ። ለሁለት አጥፌ፣ በእጥፋቱ መሐል አንገት የሚያስገባ ቅስት በመቀስ አወጣሁ፤ ጎንና ጎኑን ሲሰፉት ለእጅ የሚሆን ክፍተት ከላይ ይተዋል፤ ልብሱ ይኸው ነው።

ሰፊው አዛውንት ሥራዬን አይተው አልሳቁብኝም። የአንገቱን ቅስት ብቻ «ይሄ ጠቦብሻል» ብለው በኖራ ምልክት አድርገው አስፍተው ቆረጡት፤ ከዚያም ጠርዙን ዘምዝመው፣ ጎኑን ሰፍተው በግማሽ ሰዓት ውስጥ አስረከቡኝ። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አንድ ክር አልተተረተረም። የከፈልሁት ዋጋ የጨርቁን ሩብ እንኳ አልሞላም።

ጉድለት የለውም አልልም። የጨርቅ ሻጩ ሜትር ሲለካ ጣቱ ከሚገባው በላይ ትሸሻለች፤ የራስን ሜትር ይዞ መሄድና ፊት ለፊቱ መለካት ቅያሜ አያመጣም፣ ቢያመጣም ጨርቁ ይበልጣል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቁጭ ብሎ የሚጠበቅበት ቦታ የለም፤ እኔ ጨርቅ ሻጩ ደፍ ላይ ቆሜ ነበር የጠበቅሁት። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ ሰፊዎቹ ለጁምዓ ሶላት ሄደው ባዶ መኪና ነው የሚያገኘው፤ እኔም እንዲሁ ሆኖብኝ ነው አንዱ ቀን አንድ ቀን ተኩል የሆነው። ጥልፍና ዘርፍ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይነጋገር፤ በቆመበት የሚሠራለት ቀጥታ ስፌት ብቻ ነው።

የአንገቱን ወርቃማ ጥብጣብ ቤት ተቀምጬ በመርፌ ለጠፍሁ፤ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ከጎኑ የተረፈውን ቁራጭ እናቴ ለሻሽ ወሰደችው፤ ድሪያውንም ለክታ አይታ፣ የእሷን ስቆርጥ ከታች አራት ጣት እንድጨምርላት አዝዛኛለች።