ከምናለሽ ተራ የተገዛ የልብስ ማጠቢያ ፓምፕ በጓሮ አትክልት ላይ ሲፈተን

መርካቶ ምናለሽ ተራ ከሚገኙ ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል ከተበታተኑ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች የወጡ ትንንሽ ፓምፖች አሉ። ይህ ግምገማ የሚመለከተው አንዱን ነው፤ ማሽኑ ልብስ አጥቦ ሲጨርስ ቆሻሻውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋውን የፍሳሽ ፓምፕ። ዋጋው ለአዲስ የውሃ ፓምፕ ከሚጠየቀው በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በርሜል ሞልተው ጎመንና ቆስጣቸውን በጆግ እየቀዱ ለሚያጠጡ ሰዎች ያጓጓል። እኔም ለጓሮዬ መደቦች የገዛሁት በዚሁ ምክንያት ሲሆን ረክቼበታለሁ፤ የረካሁት ግን ውሃ ከቦታ ወደ ቦታ ከማድረስ ያለፈ ነገር ስላልጠየቅሁት ነው።

የሚፈጀው ኃይል 30 ዋት ገደማ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው የተለመደ የቤት ፓምፕ 370 ዋት ያህል እንደሚወስድ ስናስብ፣ የመብራት ሂሳቡ ለወሬም አይበቃም። ውሃውን አንድ ሜትር ያህል ሽቅብ እየገፋ በደቂቃ 15 ሊትር ገደማ ስለሚሰጥ፣ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይገለብጣል። በመደቦች መካከል ቦይ ቀዶ ውሃውን በዝግታ መልቀቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ድክመቱ ከፍታና ግፊት ላይ ነው። ፓምፑ የተሠራው ውሃውን ከማሽኑ ግርጌ አንሥቶ ወገብ ያህል ከፍ ወዳለ የፍሳሽ መውረጃ ለማድረስ ስለሆነ፣ ከሁለት ሜትር በላይ ሽቅብ እንዲገፋ ሲጠየቅ በአብዛኛው ውሃው ቱቦው ውስጥ ቆሞ ይቀራል። የአንድ ሜትር የውሃ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት የአንድ ባር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ እየተሽከረከሩ የሚረጩት የሣር ማጠጫዎች ደግሞ አንድ ባርና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሣር ለመርጨት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ባያባክን ይሻላል። በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ የጠብታ መስኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን በርሜሉን ጠንካራ መቆሚያ ላይ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያንኑ ሥራ ያለ መብራት ይሠራል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለውና ውጤቱን ከፓምፑ ይበልጥ የሚወስነው የጎማው ስፋት ነው። በደቂቃ 15 ሊትር ውሃ በግማሽ ኢንች ጎማ ውስጥ ሲያልፍ፣ በየአንዱ ሜትር ርዝመት የሚባክነው ግፊት ወደ 40 ሳንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ይጠጋል፤ ጎማው ጥቂት ሜትር ከረዘመ የፓምፑ አቅም ሁሉ እዚያው ያልቃል፣ ፍሰቱም እጅግ ይቀንሳል። በሦስት አራተኛ ኢንች ጎማ ብክነቱ በሜትር ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በአንድ ኢንች ጎማ ደግሞ ከሁለት ሳንቲ ሜትር አያልፍም። «ፓምፑ ደካማ ነው» ተብሎ የሚጣለው ብዙ ጊዜ በቀጭን ጎማ የታነቀ ይመስለኛል።

አገጣጠሙ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ፓምፑ አየር ስቦ ውሃ ማንሣት ስለማይችል ከበርሜሉ የውሃ ወለል በታች መቀመጥ አለበት፤ በርሜሉን ከግርጌው ቀድዶ በሰፊ ቱቦ ማገናኘት ከሁሉም ይቀላል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያው ክፍት ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሊነከር ፈጽሞ አይገባም። ቅጠልና ጠጠር እንዳይገባበት በፊቱ ወንፊት ማድረግ ያስፈልጋል። በማሽኑ ውስጥ ሲሠራ የኖረው ጥቂት ጥቂት ደቂቃ እየሆነ ስለሆነ፣ እኔ በርሜሉ ሲጋመስ አጥፍቼ አሳርፈዋለሁ።

ስለ ኤሌክትሪኩ ማለባበስ አይገባም። ፓምፑ በ220 ቮልት ይሠራል፣ የሽቦ ማያያዣዎቹ በማሽኑ አካል ተሸፍነው እንዲኖሩ እንጂ በእርጥብ ጓሮ ራቁታቸውን እንዲቀመጡ አልተሠሩም፣ የሚያጠጣውም ሰው ብዙ ጊዜ እግሩ ጭቃ ውስጥ ነው። ዝናብ የማያስገባ ሳጥንና ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ማፍሰስ ሲጀምር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከር የሌለው ሰው ይህን ፓምፕ መግዛት የለበትም። መስመሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢዘረጋው፣ ለእርሱ የሚከፈለው ከፓምፑ ዋጋ ቢበልጥ እንኳ ተገቢ ወጪ ነው።

ሲገዙ መለያ ወረቀቱ ያልተላጠውን መምረጥ ይበጃል። ከአሜሪካ በመጣ ማሽን ላይ የነበረ ፓምፕ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ በእኛ ሶኬት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከሳዑዲ ዓረቢያ የመጣው ደግሞ ለ60 ኸርዝ (ኸርዝ የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ መለኪያ ነው) የተሠራ ከሆነ፣ በእኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ፣ የሚገፋበት ከፍታም በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ይበልጥም ይግላል። ባለሁለት ገንዳ ማሽኖች ብዙዎቹ ውሃውን በራሱ ክብደት ስለሚያወርዱ ጭራሽ ፓምፕ የላቸውም።

መቅዘፊያውን በጣት ሲያዞሩት በማግኔቱ ምክንያት ያዝ ለቀቅ ማለቱ፣ ሲነሣም አንዳንዴ ወደ ቀኝ አንዳንዴ ወደ ግራ መዞሩ ጤናማ ጠባዩ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ውሃ ይገፋል። ቴስተር ያለው ሰው ሁለቱን የሽቦ ማያያዣዎች ቢለካ ከ120 እስከ 200 ኦም አካባቢ ማግኘት አለበት። ሻጩ ደረቁን ሰክቶ «ይኸው ይሠራል» ቢል መዞሩን እንጂ መግፋቱን አላሳየም፤ ያለ ውሃ መዞርም ውሃ እንዳያልፍ የሚያደርገውን የጎማ ቀለበት ይበላዋል። በባልዲ ውሃ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በዘንጉ በኩል ወደ ሞተሩ የሚንጠባጠበውን፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ እዚያው መተው ነው።