የነገሥታት መሳለቂያ ሥዕሎች ለግድግዳ፦ ፑዲንጉ፣ ሆዳሙ ንጉሥ ወይስ የቻይናው ኬክ?

የአውሮፓ ገዢዎችን የሚያብጠለጥሉ የድሮ ካርቱኖች ፍሬም ተደርጎላቸው በየኢንተርኔት ሱቁ ይሸጣሉ። ገዢ ሁለት ነገር መለየት አለበት፤ የትኛውን ሥዕል እንደሚፈልግና ሥዕሉ መቼ የታተመ እንደሆነ። በብዛት የሚቀርቡትን ሦስቱን ላወዳድር (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ለእኔ ቀዳሚው የጄምስ ጊልሬይ «ፑዲንጉ አደጋ ላይ» ነው። በፌብሩዋሪ 1805 ለንደን ውስጥ የወጣው ይህ ሥዕል የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒትንና ዘውድ ከጫነ ሦስት ወር ያልሞላውን ናፖሊዮንን በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። ማዕዱ ላይ የሚጨሰው ፑዲንግ (የእንግሊዞች ድቡልቡል ጣፋጭ ምግብ) ራሷ ዓለም ናት። ቀጭኑ ፒት ተረጋግቶ ውቅያኖሱን ይቆርሳል፤ ሹካው ባለ ሦስት ጣት መንሽ ነው፣ የባሕር ጌትነት ምልክት። ናፖሊዮን ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ አውሮፓን በጎራዴ ይገምሳል። ጊልሬይ ለአገሩ ሰው አላዳላም፤ ትልቁን ቁራሽ የያዘው ፒት ነው። ሁለቱንም ስግብግብ አድርጎ መሳሉ ነው ሥዕሉን ከጦርነት ፕሮፓጋንዳ በላይ ያደረገው።

ሻጮች «ኦሪጅናል» ሲሉ ግን ቆም ይበሉ። ጊልሬይ በ1815 ከሞተ በኋላ ሥዕሎቹ ተቀርጸው የሚታተሙባቸው የመዳብ ሰሌዳዎች አልጠፉም፤ ሄንሪ ቦን የተባለ አሳታሚ ገዝቷቸው በ1851 እንደገና አትሟቸዋል። ሰሌዳው እውነተኛው ስለሆነ ይህ ሐሰተኛ ቅጂ አይደለም፤ በ1805 እንደታተመ ቅጂ ተቆጥሮ በዚያ ዋጋ መሸጡ ግን ተገቢ አይደለም። ቦን በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ ያትም ስለነበር የጀርባውን ፎቶ ይጠይቁ። ጀርባው ላይ ሌላ ሥዕል ካለ ነገሩ ታውቋል። የጥንቱ ቅጂ ቀለም በእጅ የተቀባ የውሃ ቀለም ነው፤ ስስ በመሆኑ ከሥሩ የሰሌዳው ጭረቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በዘመናዊ ቅጂ ላይ ቀለሙ ጭረቱን ከዋጠው ሻጩ በኮምፒውተር አድምቆታል ማለት ነው፤ አይግዙት።

ሁለተኛው የፈረንሳዊው ኦኖሬ ዶሚዬ «ጋርጋንቱዋ» ነው (ስሙ በፈረንሳይ ልብ ወለድ የሚታወቅ ሆዳም ግዙፍ ሰው ነው)፤ ፓሪስ፣ ዲሴምበር 1831። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ግዙፍ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከመሬት እስከ አፉ በተዘረጋው ሳንቃ ላይ የድሆች ሳንቲም በቅርጫት ይጋዝለታል፣ በሥሩ ደግሞ ሹመትና ሽልማት ይወጣል። ዶሚዬ በዚህ ሥዕል ስድስት ወር እስራት ተፈርዶበታል። ስለ ግብርና ስለ ሹመኛ ያለው ቁጣ ዛሬም ይፋጃል፤ ከሦስቱ ድፍረት የበዛበት እሱ ነው። የተረፉት የጥንት ቅጂዎች ጥቂት ስለሆኑ በርካሽ «ኦሪጅናል ጋርጋንቱዋ» ካዩ ይለፉት። ለቅጂ ግን ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ በቀለም አያሳስትም። እንግዳ ለሚበላበት ክፍል ግን አልመክረውም፤ የንጉሡ ዙፋን ምን እንደሆነ ጠጋ ብሎ ያየ ሁሉ ይረዳዋል።

ሦስተኛው በጃንዋሪ 1898 በፈረንሳዩ «ለ ፔቲ ዡርናል» ሳምንታዊ ተጨማሪ ዕትም የወጣው ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ የጀርመኑ ካይዘር ዊልሄልም፣ የሩሲያው ዛር ኒኮላይ ዳግማዊ፣ የፈረንሳይ ምሳሌ የሆነችው ማሪያንና አንድ ጃፓናዊ ቻይናን እንደ ኬክ ከበዋታል። ቪክቶሪያና ካይዘሩ እንደ ጠላት ይተያያሉ። ማሪያን ግን ቢላ አልያዘችም፤ ጋዜጣው የአገሩን እጅ ንጹሕ አድርጎታል። ከበስተኋላ እጁን ዘርግቶ የሚጮኸው ቻይናዊም በንቀት ነው የተሳለው፤ ጥፍሩን ይመልከቱ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢገዛው ይሻላል። በጎ ጎኑ ዋጋው ነው። ጋዜጣው በብዛት ይታተም ስለነበር እውነተኛው የ1898 ገጽ ከጥንቱ ጊልሬይ እጅግ በርካሽ ይገኛል። ወረቀቱ ግን የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ይቢጫል፣ ጠርዙ ይሰባበራል።

ቅጂ ለሚፈልግ ሰው የኦንላይን ሱቅ ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ትልቅ የእንግሊዝ ካርቱኖች ስብስብ አለው፤ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምም ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎቹን ምስል በነፃ ለቋል። ፋይሉን አውርደው በጥጥ ወረቀት በትክክለኛው መጠን ያሳትሙት። የጊልሬዩ ሥዕል 26 በ36 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በፖስተር መጠን ሲለጠጥ ጭረቱ ይወፍራል፣ የፊቶቹ ስላቅም ይደበዝዛል።

ፍሬም ሲያሠሩ በሥዕሉ ዙሪያ የሚገባው ካርቶን ከአሲድ ነፃ ይሁን፤ ሥዕሉ መስታወቱን መንካት የለበትም። ለጥንት ቅጂ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል መስታወት ተጨማሪ ወጪው ይገባዋል።

አንድ ብቻ ልግዛ ለሚል ሰው ጊልሬይን በጥሩ ቅጂ እመክራለሁ። የዘመኑን ወረቀት በእጁ መያዝ የሚፈልግና ገንዘቡ ውስን የሆነ የ1898ቱን ገጽ ይውሰድ። ለአፍሪካ ጉዳይ ልቡ የሚያደላ ሰው ደግሞ ከሦስቱ ውጭ በኖቬምበር 1906 በእንግሊዙ የስላቅ መጽሔት «ፓንች» ላይ የወጣውን የሊንሊ ሳምቦርንን ሥዕል ይፈልግ፦ ኮንጎን ለጎማዋ ሲል ይበዘብዝ የነበረው የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ የጎማ ሐረግ የሆነ እባብ ሆኖ በአንድ ኮንጎያዊ ላይ ተጠምጥሟል።